እናቴ ኮከቡን የገፈፈች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሪያድ ውስጥ ወዳለው ጉበይራ ሰፈር ሄጄ ነበር። የቤቴ በር ማጠፊያ ተሰብሮ የሚበይድልኝ ሰው ፍለጋ ነው የሄድኩት። ከዋናው መንገድ ወደ ጠባቦቹ መንገዶች እንደታጠፍኩ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያገኝ ይናፍቃል ይባላል። እኔ ተናደድኩ። ጥርሴን ነክሼ እንደቆየሁ ያወቅሁት መንጋጋዬን ሲያመኝ ነው። በያጁ ጢማም ሰውዬ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና አልነበርኩም።

ንዴቱ አሮጌ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ ጊዜ የነበረው የብርድ ወቅት ንዴት ነው።

ያኔ የምንኖረው እዚያው ጉበይራ ውስጥ፣ ከአንድ ብየዳ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነበር፤ እናቴና እኔ ብቻ። እናቴ ዘይነባ ትባላለች፣ የወሎ ሰው ናት። ሪያድ የመጣችው በቤት ሠራተኝነት ነው። ያስመጣት አሠሪ፣ ከፊል የሚሉት፣ ፓስፖርቷን ቆልፎ ይዞባት ስለነበር፣ አባቴን አግብታ ከዚያ ቤት ስትጠፋ ባዶ እጇን ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ኖሯት አያውቅም። እዚሁ የተወለድኩት እኔም የለኝም ነበር። አባቴን ገና በአምስት ዓመቴ መንገድ ላይ ይዘው ወደ አገር ቤት ሰደዱት። እናቴ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ባዲዓ ሰፈር በየሰው ቤት እየዞረች ስታጸዳ ትውልና መግሪብ ሲቃረብ ትመለሳለች። ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ እንደ ሊጥ አብጦ፣ የካልሲዋ ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ሠርቶ አየዋለሁ።

የምማረው የአገራችን ልጆች በሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን አልጠራውም። ዳይሬክተሩ እናቴን «ወረቀት የሌላትን ልጅ መዝገብ ላይ አላሰፍርም፤ ግን ከኋላ ትቀመጥና ታዳምጥ» ብሏት ነው የገባሁት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ የኔ ስም አይጠራም። እኔ ደግሞ ይህን በራሴ መንገድ ተርጉሜው ነበር፦ ስማቸው የሚጠራው የሚቀሩ ልጆች ናቸው፤ እኔ ነጃት ግን አንድም ቀን ቀርቼ ስለማላውቅ መጥራት አያስፈልግም። በዚህ እኮራ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ ኩራቴ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ እስክትመጣ የምውለው ብየዳ ቤቱ በር ላይ ነበር። ባለቤቱ ዓሊ የሚባል የመናዊ ነው። በያጁ ግን ጋሽ ታደለ ናቸው። ጋሽ ታደለ አገር ቤት የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ምን እንዳሰደዳቸው ሲጠየቁ «ሆድ» ብለው ይዘጉታል። ቀጭን፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ፣ ቅንድባቸው በፍንጣሪ የተለበለበ ሰው ናቸው። ቁጡ ናቸው። ብረት አልታዘዝ ሲላቸው በአማርኛ ይጀምሩና ስድቡን በዓረብኛ ይጨርሱታል። እኔን ግን ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ የተሳሳተ ነገር ስናገር ብቻ ነው ዓይናቸው የሚፈጠው።

አንድ ቀን ዘንግ በጋዝ እሳት ሲያግሉ እያየሁ «አሁን ቀላ፤ በጣም ሞቀ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ቧንቧው። ሙቁ ቀይ ነው፣ ቀዝቃዛው ሰማያዊ ነው።»

እሳቱን ከብረቱ ላይ አነሱት። «የቧንቧ ሠሪው ፊዚክስ ወድቋል» አሉ። «ነይ፣ ራቅ ብለሽ ተመልከቺ።» ዘንጉን እንደገና አጋሉት። መጀመሪያ እንደ ደረቀ ደም ጠቆር ብሎ ቀላ። ቀጥሎ ብርቱካን መሰለ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ዓይን እስኪያጭበረብር ድረስ ነጣ። «ቀዩ ገና መጀመሪያው ነው። ብርቱካኑ ከቀዩ ይሞቃል፤ ከቢጫው ግን ይቀዘቅዛል። ነጩ ሁሉንም ይበልጣል። ቀለም ቴርሞሜትር ነው፣ ነጁ። የብረትም፣ የኮከብም።»

«ኮከብም ብረት ነው?»

«አይደለም። ሕጉ ነው አንድ።»

በዚያው ሳምንት፣ እናቴ ስትመለስ፣ እሷን አስፈቅደው ሦስታችንም ጣሪያው ላይ ወጣን። መግሪብ ተሰግዶ አልቋል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሪያድ ሰማይዋ ላይ መብራትና አቧራ ስለሚበዛ ኮከብ አይበረክትባትም። ቢሆንም በምሥራቅ በኩል፣ ከውኃ ታንከሮቹ በላይ፣ አንድ ብርቱካንማ ነጥብ ይታይ ነበር። ዓሊም ልብስ ሊያወርድ ወጥቶ ኖሮ ወደዚያ እያመለከተ «አል-ደበራን» አለ። ጋሽ ታደለ ተረጎሙልኝ፤ «ተከታይ ማለት ነው።»

እናቴ ዘወትር መንገድ ላይ ወደ ኋላዋ ስለምታይ፣ እኔ የማውቀው አንድ ዓይነት ተከታይ ነበር። «ማንን ነው የሚከተለው? ፖሊስ ነው?» አልኩ። እናቴ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። ጋሽ ታደለ አልሳቁም። «ከፊቱ ያሉትን ትንንሽ ኮከቦች ነው የሚከተለው፤ ዛሬ አቧራው ደብቋቸዋል» አሉና ቀጠሉ። «ይህ ኮከብ ብርቱካንማ ግዙፍ ይባላል። ፀሐይን ጎን ለጎን አርባ አራት ጊዜ ብትደረድሪያት ነው የሱን ወገብ የምታክል።»

«ከፀሐይ አርባ አራት ጊዜ ይከብዳል ማለት ነው?»

«ጎሽ፣ ይሄን ነው የምጠብቀው። አይከብድም። ክብደቱ ከፀሐይ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ያበጠ እንጂ የወፈረ አይደለም። ገላው ከምንተነፍሰው አየር እንኳ ይሳሳል።»

«ለምን አበጠ?»

«እምብርቱ ላይ የነበረው ነዳጅ አለቀ። ነዳጁ ሲያልቅ እምብርቱ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፤ በዙሪያው የቀረው ነዳጅ ደግሞ ይብሱን ይነዳል፤ ያ ሙቀት የላዩን ገላ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሲሰፋ ፊቱ ይቀዘቅዛል። የፀሐይ ፊት አምስት ሺህ ከአምስት መቶ ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሱ ሦስት ሺህ ከስድስት መቶ። ለዚህ ነው ብርቱካንማ የሆነው። ብርሃኑም እኛ ጋ እስኪደርስ ስልሳ አምስት ዓመት ይፈጅበታል፤ አሁን የምታይው እናትሽ ሳትወለድ የተነሣውን ነው።»

እኔ የሰማሁት ግን «ነዳጁ ሲያልቅ ያብጣል» የሚለውን ብቻ ነበር። ያን ምሽት እናቴ እግሯን ለብ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ ከታ ስታየኝ እያለቀስኩ ነበር። «እማ፣ ነዳጅሽ አልቋል እንዴ?» አልኳት። ግራ ገባት። ነገሩን ስነግራት ጭንቅላቴን በእርጥብ እጇ ዳበሰችኝ። «የኔ ደረጃ በመውጣት ነው ያበጠው። ሂጂ፣ ጨው ጨምሪልኝ።»

ከወር በኋላ ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን እንደሚያዘጋጅ ተነገረን። ሁለት ሁለት ሆነን እንድንሠራ ተደለደልን፤ እኔ ከሊድያ ጋር ሆንኩ። ሊድያ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ልጅ ናት። ክፉ ልጅ አልነበረችም። አባቷ ግን ጉበይራ እንዳትደርስ ስለከለከላት አንድም ቀን አብራኝ አልሠራችም።

ደበራንን ለመሥራት ወሰንኩ። ጋሽ ታደለ «በልኩ ካልሆነ አልነካውም» አሉ። ፀሐይን ሁለት ሳንቲ ሜትር በሆነች ብይ ወከልናት። ስለዚህ ኮከባችን ሰማንያ ስምንት ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ብዜቱን እኔ ነኝ መሬት ላይ በኖራ የሠራሁት። ከወዳደቀ ቀጭን ፌሮ ቀለበት ቀለበት እያጠፉ፣ እኔ ጫፉን በጉጠት እየያዝኩ፣ ሉል አደረጉት። ሲበይዱ «ዓይንሽን!» ይሉኛል፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርና ጥላዬ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ፍንጣሪ ክንዴ ላይ አርፎ ትንሽ ጠባሳ ተወልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ልብሱን እናቴ ሰጠችን። ለዒድ ገዝታ ያልለበሰችው ሰፊ፣ ስስ፣ ብርቱካንማ ሻርፕ ነበራት። ከሻንጣዋ አውጥታ ለጥቂት ጊዜ እጇ ላይ ያዘችውና «ሳይቀደድ መልሱልኝ» አለች። ሉሉ ላይ በክር እየጠለፈች ወጠረችው። ውስጡ አምፖል ሲበራ ያ ጠባብ ብየዳ ቤት በሙሉ ብርቱካንማ ሆነ፤ ዓሊ ሻዩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ጋሽ ታደለ «እምብርቱ ቀርቷል» አሉ። ከአገር ቤት ከመጣ ጤፍ አንድ ፍሬ መርጠው፣ በሙጫ ክር ላይ ለጥፈው መሐሉ ላይ አንጠለጠሉት። «በዚህ ልክ እምብርቱ ከዚህች አይበልጥም። ግን ከኮከቡ ክብደት ሲሶ ያህሉ እዚህች ውስጥ ታጭቋል። የቀረው ያበጠ ጉም ነው።»

ኤግዚቢሽኑ ሁለት ቀን ሲቀረው ዳይሬክተሩ እናቴን አስጠራት። ለሥራ ቤቷ ሰበብ ፈጥራ፣ ዓባያዋ ላይ የበረኪና ሽታ እንዳለ መጣች። እኔ ከጎኗ ቆምኩ። ሰውየው ከወንበሩ አልተነሣም። ጋሽ ታደለን አንቱ የምለውን ያህል ለዚህ ሰው አንቱታ አልሰጠውም፤ ዛሬም።

«እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ሥራው ጥሩ ነው፣ አንደኛ ሳይወጣ አይቀርም። የልጅቷን ስም ግን መጻፍ አልችልም። ወረቀቱ ላይ የሊድያ ስም ብቻ ይሰፍራል። ያን ቀንም ቤት ብትውል ይሻላል።»

እናቴ አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ወለሉን እያየች «እሺ ጌታዬ። አላህ ይስጥልን» አለች።

አላህ ይስጥልን! መንገድ ላይ እጄን ከእጇ መነጨቅሁ።

«የኔ ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት!»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለችኝ፤ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ዞራ አይታ። «ልጄ፣ ዝም ያልኩት አብረን እንድናድር ነው።» እኔ ግን የሰማሁት ፍርሃቷን ብቻ ነው፤ ፍርሃቷ አሳፈረኝ። እስከ ቤታችን አሥር እርምጃ ቀድሜያት ሄድኩ፤ በዚያ ባበጠ እግሯ ልትደርስብኝ እየሮጠች።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት እናቴ ለሥራ እንደወጣች የዒድ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። በሩ ላይ ወላጆች ስለተጨናነቁ ማንም አላየኝም። ደበራን በአዳራሹ መሐል ተሰቅሏል። ሽቦው ስለላላ ጋሽ ታደለ ተጠርተው መሰላል ላይ ቆመው ያጠብቃሉ፤ የሥራ ልብሳቸውን አልቀየሩም። ከሥሩ ሊድያ ነጭ ጓንት አድርጋ ቆማለች። ወረቀቱ ላይ ስሟ በትልቁ ተጽፏል።

አንድ ሱፍ የለበሰ እንግዳ ቀረብ ብሎ «የኔ ቆንጆ፣ ለምንድን ነው ብርቱካንማ የሆነው?» አላት።

ሊድያ ግድግዳውን አየች። «በጣም… በጣም ስለሚሞቅ።»

«ጎበዝ!» አለ እንግዳው ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ይኸው፣ ከፀሐይ ስለሚተልቅ ከፀሐይም በላይ ይሞቃል ማለት ነው።» ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ሰዉ አጨበጨበ።

ስሜን ሲወስዱት ችዬ ነበር። ይህን ግን አልቻልኩም። «አይደለም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የኔ ነበር። «ፊቱ ከፀሐይ ይቀዘቅዛል! ስለቀዘቀዘ ነው ብርቱካን የሆነው! ያበጠው ነዳጁ አልቆ ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት!»

ጭብጨባው ቆመ። እንግዳው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ይቺ ደግሞ ማናት?»

«የእኛ ተማሪ አይደለችም» አለ ዳይሬክተሩ። ቶሎ ነው ያለው፤ ተዘጋጅቶበት እንደነበር ያስታውቃል።

«ጋሼን ጠይቋቸው!» ብዬ ወደ መሰላሉ አመለከትኩ። «አብረን ነው የሠራነው! ጋሼ፣ ይንገሯቸው!»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ላይ አየ። ጋሽ ታደለ ጉጠቱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እንግዳው «ያውቋታል?» አላቸው። ጋሽ ታደለ ዳይሬክተሩን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። የጎደጎደው ጉንጫቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር።

«አላውቃትም» አሉ።

ዘበኛው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። አላለቀስኩም። በብርዱ ከአዳራሹ እስከ ጉበይራ በእግሬ ሄድኩ። መኪና ጡሩምባ ሲነፋብኝ ድንጋይ አንሥቼ ወረወርኩ፤ አልመታሁትም።

በማግሥቱ እናቴ ከሥራ ሳትመለስ በራችን ተንኳኳ። «ነጁ፣ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ታደለ ከውጭ። አልከፈትኩም። «ልክ ነበርሽ። ይቀዘቅዛል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንቺ ብቻ ነበርሽ ልክ። እኔ…»

በሩ ላይ ግንባሬን አስደግፌ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ሽማግሌ አንተ አልኩ። «አላውቅህም!»

ትንፋሻቸው በበሩ ስንጥቅ ይሰማኝ ነበር። ቆይተው ወረዱ፤ ነጠላ ጫማቸው እያንዳንዱን ደረጃ ቀስ ብሎ ይመታል። ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው ብዬ ረካሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ረክቼ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ከዳቦ ቤት ሲመለሱ፣ ጥግ ላይ በቆመ ፍተሻ ተያዙ። ወረቀት አልነበራቸውም። ዓሊ ሻሹን በእጁ እንደያዘ ወደ ላይ ወጣና ለእናቴ «ኸላስ፣ አበቃ፣ ታደለን ወሰዱት» አላት። ማን ጠቆመ? ማንም አልጠቆመ ይሆናል፤ በዚያ ሰሞን ፍተሻው በየቀኑ ነበር። እኔ ግን ለዓመታት የዳይሬክተሩን ፊት ነው የማየው።

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። «የኔ ጥፋት ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ዳይሬክተሩ ጠርቶኝ ከተመለስን በኋላ እንደገና ደውሎልኝ ነበር። ልጅቷ መጥታ ብትረብሽ፣ እንግዶቹ እናቷ ማናት፣ ወረቀቷ የታለ ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔ ልደብቅሽ አልችልም፣ ራሴ ነኝ የምናገረው አለኝ። ፈራሁ። ጋሽ ታደለን ለመንኳቸው። ምንም ቢመጣ ልጄን አላውቃትም ይበሉልኝ ብዬ፣ ዋላሂ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። እንቢ አሉ። አለቀስኩባቸው።»

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ደረቷን በቡጢ ደበደብኩት። «አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ!» አልኳት። አልከለከለችኝም። ድካም እስኪጥለኝ ድረስ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ጠዋት ለሥራ አልወጣችም። ፊቷን ታጠበች፣ ዓባያዋን ለበሰች፣ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ። ወዴት እንደሆነ አልነገረችኝም። መንገድ ላይ አንድ ጊዜም ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የያዘኝ።

ደበራን አንደኛ ወጥቶ ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ተሰቅሏል። እናቴ ሳታንኳኳ ገባች። ሰውየው ከአንድ አስተማሪ ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ያለ ቀጠሮ…»

«ሻርፔን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«የምን ሻርፕ?»

ወደ ላይ አመለከተች። ሳቅ አለ። «እሱ እኮ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው።»

«ብረቱን ጋሽ ታደለ ናቸው ያመጡት። ሥራው የልጄ ነው። ሻርፑ የኔ ነው። የትኛው ነው ያንተ?»

አንተ አለችው! አስተማሪው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዳይሬክተሩ ተነሣ፤ ጆሮው ቀላ። «ሴትዮ፣ ማን እንደሆንሽ አትርሺ። አንድ ስልክ ነው…»

«ደውላ!» አለች እናቴ። ድምፅዋ በኮሪደሩ ተሰማ፤ ክፍሎቹ ጸጥ ሲሉ ይታወቀኛል። «አንሣና ደውል! ለዓመታት የፈራሁህ ለዚህች ስልክ ነው። ልጄን ከኋላ አስቀመጥክብኝ፣ እሺ አልኩ። ስሟን ሰረዝክብኝ፣ አላህ ይስጥልን አልኩ። በገዛ አፌ ሰው እንዲክዳት አስለመንከኝ። ይኸው መጥቻለሁ፣ ደውል!»

አልደወለም። እጁ ወደ ስልኩ እንኳ አልሄደም። እናቴ የራሱን ወንበር ሳበች፤ ወጥታ ቆመችበት። የጠለፈቻቸውን ክሮች አንድ በአንድ በጥርሷ በጠሰቻቸው። ስሱ ጨርቅ እየተንሸራተተ ፊቷ ላይ ወደቀ። ስትጨርስ ጣሪያው ላይ የቀረው የፌሮ ቀለበትና ራቁት አምፖል ብቻ ነበር። የጤፏ ክር መቼ እንደተበጠሰ አላየሁም። እናቴ ከወንበሩ ወረደች፣ ሻርፑን አጥፋ ብብቷ ሥር አደረገች፣ እኔን «ያላ» አለችኝ። ወጣን።

ወደዚያ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። በዚያው ሳምንት ክፍላችንን ለቅቀን ሙረባዕ አካባቢ ከእናቴ ወዳጅ ጋር ተዳበልን፤ ስልኩን ይደውለው አይደውለው ማን ያውቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ እናቴን አላናግራትም ነበር። ያደረገችው ነገር አኩርቶኛል፤ ግን ዘግይታለች ብዬ ተቆጥቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም። አሁንም የቻልኩ አይመስለኝም።

አርብ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልኳ ጮኸ። ከተርሂል ነበር፤ ሰዎች ወደ አገር ከመሸኘታቸው በፊት ከሚያዙበት ቦታ። ጋሽ ታደለ ተራ ጠብቀው በሌላ ሰው ስልክ ነው የደወሉት፤ ከጀርባቸው ብዙ ሰው ይጯጯኻል። እናቴ «ወንድሜ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች። «አንቺን ነው የሚፈልጉ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በሩ ላይ ያልኳቸው ትዝ አለኝ፤ የተሰማኝ ኀፍረት ይሁን ንዴት አላውቅም።

እናቴ ስልኩን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። አዳመጠች። «ተቆጥታ ከሆነ ትቆጣ፣ መብቷ ነው ይላሉ» አለችኝ። «ግን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቃት ቀርቻለሁ ይላሉ። ፊቱ ከፀሐይ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ እንዴት ከፀሐይ አራት መቶ ጊዜ ይበልጥ ያበራል? አስባ ትመልስልኝ ነው የሚሉት።»

ላለማሰብ ሞከርኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ቆጠርኩ። ነገር ግን በልቤ ያ ሉል መጣ፤ ብይዋም ከጎኑ መጣች፤ የአንዷን ገላና የሌላውን ገላ አስተያየሁ። አንዲት ትንሽ ፍም ብትሞቅም፣ ሜዳ ሙሉ የተዘረጋ ፍም ይበልጥ ያበራል። መልሱ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ዘልዬ ተነሥቼ ስልኩን ከእናቴ እጅ መነጨቅሁ።

«ስለሚሰፋ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ገላው ሰፊ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ! እያንዳንዱ ቦታ ትንሽ ቢያበራም፣ ቦታው ብዙ ስለሆነ ነው! ጋሼ፣ ይሰሙኛል? እኔ… ይሰሙኛል?»

እናቴ ስልኩን ቀስ ብላ ከጆሮዬ አነሣችው።

«ሰምተውሻል» አለችኝ።

የስልኩ መስታወት ግን ጠቁሮ፣ መስመሩ ተቋርጦ ነበር፤ ገና ከእጇ ስመነጭቃት ነው ያየሁት።